ቢጫው ዘበኛ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ጽጌ ነበር። ዝናቡ ወጥቶ ውርጩ ገብቷል። የመንዝን ጥቅምት ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ የሴት እጅ ይሰነጣጠቃል። የእጁን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያን ጊዜ ካገባሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ልጅ የለኝም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ሦስት ወር ሳይሞላቸው ወረዱ። ባለቤቴ ደመቀ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናቱ፣ እማማ ዘነበችም አልተናገሩኝም። እሳቸው ቆፍጣና ናቸው፤ የሚናገሩትን አይደብቁም። ስለዚህ ዝም ማለታቸው ይከብደኝ ነበር።

በእኛ አገር እርግዝና አይወራም። ሆዱ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር ይጠበቃል። ዓይን ያገኘዋል ይባላል፤ ቢወርድም ሰው ሳይሰማው ያልፋል። ለሕፃኑም አስቀድሞ ምንም አይዘጋጅለትም። እኔ የመጀመሪያውን ደስታው አላስችል ብሎኝ ለጎረቤት ነግሬ ነበር። ሲወርድ እማማ ዘነበች ጠሩኝና፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ለእኔም ቢሆን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሦስተኛው ሲጀምረኝ የሚያውቁት እመቤታችን፣ ደመቀና የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ።

በቀበሌያችን የበግ አርቢዎች ማኅበር አለ። ዘራቸው ደህና የሆነ አውራ በጎች ተመርጠው በጋራ ይያዛሉ። በዚያ ዓመት፣ እናት በጎቻችን ሁሉ በአንድ ሳምንት አውራ እንዲፈልጉ የሚያደርግ መርፌ ሊወጉ ነው ተባለ። ግልገሎቹ በአንድ ሰሞን ከተወለዱ ለጥበቃውም ለገበያውም ይመቻል። ቀኑ ሲደርስ የሞላሌ ገበያ ሆነና ደመቀን ጨምሮ ወንዶቹ አብዛኞቹ ወጡ። በጎቹን ነድተን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው መስክ የወረድነው ሴቶቹ ነን።

የእንስሳት ሐኪሙ ይታገሱ ይባላል። ወጣት ነው። የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ስለሆነ ብርዳችንን አልለመደም፤ ሁለት ካፖርት ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

«ዶክተር፣ አንዷን በግ ሸልተን እናልብስህ እንዴ?» አለችው አስካለ። አስካለ ጎረቤቴ ናት፤ የስድስት ልጆች እናት፣ ቀልድ የማያልቅባት።

«መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ፣ ከዚያ ትሸልቱልኛላችሁ» አለ እየሳቀ። ከኪሱ አንድ የባቄላ ፍሬ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘ። «ምን እንደምናደርግ ሳትሰሙ አልጀምርም። እናት በግ እንቁላሏን ስትለቅ፣ እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ባዶ አይቀርም። ይህን የሚያህል ነገር ይበቅልበታል። ቢጫ አካል እንለዋለን። ሥራው ዘበኝነት ነው። ‹ጸጥ በል፣ ተሰናዳ፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላል› እያለ በደሟ በኩል ለማህፀኗ መልእክት ይልካል። እሱ ተረኛ ሆኖ ሳለ በጓ አውራ አትፈልግም።»

«እንግዳው ሳይመጣ ቢቀርስ?» አለች አስካለ።

«ዘበኛው ይሰናበታል። ይሟሽሽና ይጠፋል። በጓም እንደገና አውራ ትፈልጋለች። ከተፀነሰ ግን ጽንሱ ራሱ ‹መጥቻለሁና አትሂድ› ብሎ ይልክለታል። ያን ጊዜ አይሄድም።»

«ከእኛ ቀበሌ ዘበኛ ይሻላል በለኛ! የእኛው እንግዳ ሲመጣም ተኝቶ ነው» አለች አስካለ።

መስኩ በሳቅ ተሞላ። ይታገሱ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«የዛሬው መርፌ ዘበኛውን የሚያሰናብት ነው» አለ። «ስለዚህ ያረገዘች በግ አትወጋም፤ ከተወጋች ትጨነግፋለች። በዚህ መሣሪያ የሁሉንም ሆድ አይቼ ባዶ የሆነችውን ብቻ ነው የምወጋው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም አለ። ይህ መድኃኒት በቆዳ ይገባል። በሰውም ላይ ይሠራል። ነፍሰ ጡር ሴት በአጠገቡ እንዳትደርስ። ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች እባካችሁ ወደዚያ፣ ወደ ጥዱ ሥር ትሂድልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ሁሉ ሴት መሐል አንዲትም አልተነቃነቀችም።

«ስድስት ወልጄ በቃኝ ብያለሁ፤ ሌላዋን ጠይቅ» አለች አስካለ። ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ ታለፈ።

እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ። ወደ ጥዱ መሄድ ማለት በአደባባይ መናገር ማለት ነው። ቀስ ብዬ ወደ ቤት ብመለስስ እያልኩ ሳስብ እማማ ዘነበች ጠሩኝ።

«የሺ! ምን ገተረሽ? ነይ ቦቂትን ያዢልኝ፤ እኔን እየጎተተች ልትጥለኝ ነው።»

ቦቂት ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት በጋችን ናት፤ ጉልበተኛ። እማማ ወገባቸውን ያማቸዋል። መርፌው በኋላ እግሯ በኩል ነው፣ እኔ ጭንቅላቷን ብይዝ ምን ያገኘኛል አልኩና ሄድኩ።

ይታገሱ መሣሪያውን በሆዷ ላይ አሳለፈ። «ባዶ ናት» አለ። ጓንት ባጠለቀው እጁ መርፌውን አዘጋጅቶ ወጋት። በዚያች ቅጽበት ከኋላችን ውሻ ጮኸ። ቦቂት ዘለለች። መርፌው ተነቅሎ ወጣ፤ የቀረው መድኃኒት ተረጭቶ የግራ እጄ ጀርባ ላይ አረፈ። ውርጭ የሰነጠቀው ቦታ ላይ። አቃጠለኝ።

«ውኃ! ሳሙና!» ብሎ ጮኸ ይታገሱ። ክንዴን ይዞ እየሮጠ ወደ ጀሪካኑ ወሰደኝ። አጠበኝ፣ እንደገና አጠበኝ፣ ሳሙናው አረፋ እስኪያጣ አጠበኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ቀኝ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነበር።

«እህቴ» አለኝ፣ በሹክሹክታ። «ነሽ እንዴ?»

እንደ ልማዳችን ትንፋሼን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብኩ። አዎ ማለት ነው። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። ግን እማማ ዘነበች በስተኋላዬ ቆመው ኖሮ ሰሟት። የቦቂትን ገመድ ከእጃቸው ሲለቁት አየሁ።

ይታገሱ ጊዜ አላጠፋም። «የቀረው ነገ ይወጋል» ብሎ ሥራውን አቆመ። እኔንና እማማን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታሉ ይነዳ ጀመር። ወደ ደመቀ ስልክ ብንሞክር አይሠራም።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። እማማ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። በመጨረሻ፣

«ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«እኔ ሳላውቅ?»

«ለእኔም ቢሆን አትንገሪ ብለውኝ ነበር እኮ፣ እማማ።»

ከዚያ በርኖሳቸውን አውልቀው ጉልበቴ ላይ ጣሉት። «አዬ ዘነበች» አሉ ለራሳቸው። «እኔው ነኝ የጠራኋት። በገዛ አፌ ነው ‹ያዢልኝ› ያልኳት።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ? አላወቁም።»

«አለማወቄንስ ማን አመጣው?»

ይታገሱ በመስተዋቱ አየንና፣ «እማማ፣ ቶሎ ነው የታጠበችው። አይዞዎት» አለ። እሱም ግን ፍጥነቱን ጨመረ።

ከተማው ከመታየቱ በፊት እንብርቴ ሥር ቁርጠት ጀመረኝ። አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሚቀጥለውንም አውቃለሁ። «እመቤቴ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ስለት ልሳል ብል እንኳ ምን እንደምል ጠፋኝ። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ብቻ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ መብራት የለም። የማህፀን ሐኪሟ ወጣ ብላ ተቀበለችን። ዶክተር ሠናይት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለች። ይታገሱ የመድኃኒቱን ስምና የፈሰሰውን መጠን ነገራት። ሁለቱ በሐኪም ቋንቋ ሲነጋገሩ ፊታቸውን እያየሁ ቆየሁ። ደም ፈስሶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ቁርጠቱን ነገርኳት።

«ማየት አለብኝ» አለች። «መብራቱን ግን እንጠብቅ። ጄኔሬተሩን ሊያስነሡልን እየሞከሩ ነው።»

አልጋው ላይ ተጋድሜ ጠበቅኩ። ከውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ያስላል፣ ይቆማል። እንደገና ያጓራል፣ ይቆማል። እማማ እግሬ ሥር ቆመው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። ጄኔሬተሩ በቆመ ቁጥር እሳቸውም ያቆማሉ፤ ሲነሣ ይቀጥላሉ። ያን ቀን ብቻ ነው ጸሎት ላይ ፈገግ ያልኩት።

መብራቱ መጣ።

ዶክተሯ ቀዝቃዛ ነገር ሆዴ ላይ ቀብታ መሣሪያውን ጫነችው። ስክሪኑ ወደ እሷ ዞሯል፤ እኔ አይታየኝም። የማየው ፊቷን ብቻ ነው። ዝም አለች። መሣሪያውን ወዲህ አዞረች፣ ወዲያ አዞረች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ጊዜ ከዝምታው በኋላ የመጣው «አይዞሽ» ነበር።

«የሺ» አለችኝ። «ቀና በይ።»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ጥቁር ከረጢት ነበር፤ በውስጡ ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር፤ በመካከሉ የምትርገበገብ ነጥብ።

«ይህቺ ልቡ ናት» አለች።

ልብ የሚሉትን ነገር በሁለቱም ጊዜ አይቼ አላውቅም። ስናይ አልነበረም። አሁን አለ፤ ይመታል፤ የሰው ሁሉ ጭንቅ ምኑም ሳይሆን ይመታል። ማልቀስ እንኳ ረሳሁ።

እማማ ዘነበች ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ይሄ የሚጠቅሰው ነው?»

«እሱ ነው፣ እማማ።»

«ጌታዬ ሆይ» አሉ። አማተቡ።

«ቆዩ፣ አላበቃሁም» አለች ዶክተሯ። መሣሪያውን ወደ ጎን ወሰደችው። አንድ ክብ ነገር መጣ። አንድ ቁልፍ ስትነካ በዙሪያው እንደ እሳት ቀለበት ቀይና ቢጫ በራ። «ይህ የደም ዝውውር ነው። ሞቅ ብሎ እየሠራ ነው። ይህን ክብ ብዙ ሰው እጢ ነው ብሎ ይደነግጥበታል። እጢ አይደለም። እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ላይ የበቀለ ነው፤ ስሙ ቢጫ አካል...»

«ዘበኛው!» አሉ እማማ።

ዶክተሯ ዞረች። «ምን አሉኝ?»

«የቦቂት ዘበኛ! ዛሬ ጠዋት መስክ ላይ ይኼ ልጅ በባቄላ ያሳየን።» በሩ ላይ ወደቆመው ይታገሱ ጠቆሙ። «‹እንግዳ ሊመጣ ነውና ጸጥ በል› የሚለው። ሰውም አለው ለካ?»

ዶክተሯ እስኪበቃት ሳቀች። «አለው፣ እማማ። ሰውም፣ በግም፣ ላምም፣ ጡት የሚያጠባ ሁሉ አለው። ይህ ባይኖር ማናችንም አንወለድም ነበር።»

«እና አልተሰናበተም? መድኃኒቱ አላባረረውም?»

«እንደሚያዩት በሥራው ላይ ነው። ይህ መድኃኒት በበግ ላይ ቢጫውን አካል ያጠፋል። ሴት ላይ ይበልጥ የምንፈራው ማህፀኗን እንዳያኮማትር ነው። ወዲያው መታጠቧ ጠቅሟታል፤ የነካትም ጥቂት ነው። መድኃኒቱም ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቢሆንም ዛሬ እዚሁ ትደር፤ ነገ ጠዋት ደግሜ አያታለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ጥቂት ሳምንት ታገሺ። ይህ ዘበኛ ለዘላለም አይቆምም። እንግዴ ልጁ ሲጠና ሥራውን ይረከበዋል። እስከዚያ ግን የሚጠብቀው እሱ ነው።»

ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቅኋት። «የቀደሙት ሁለቱስ? ምን አድርጌ ነው? ከባድ ነገር አንሥቼ ነው? ስለ ተናገርኩ ነው?»

«ምንም አላደረግሽም» አለች። «እንዲህ በጅምሩ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ራሱ ሲፀነስ ጤነኛ ሳይሆን ቀርቶ ነው። ሸክምም፣ ወሬም አይደለም ያወረደው።»

እማማ ይህን ሲሰሙ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ማንም ሳያስበው እልል አሉ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ። ነርሷ ደንግጣ ሮጣ መጣች፤ «እማማ፣ በሽተኞች አሉ!» አለች። «ይስሙ! ይሻላቸዋል!» አሏት።

ደመቀ ከመሸ በኋላ በስልክ ተገኘ። እማማ ስልኩን ነጥቀውኝ፣ «አንተ! አውቀህ ኖሮ ከእናትህ ትደብቃለህ?» ብለው ወረዱበት። ከዚያ ቁጣውን ትተው፣ «ልቡ ይመታል፣ ልጄ። አይቼዋለሁ። እኔ ዘነበች በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉት።

ቁርጠቱ ቀስ በቀስ ተወኝ። ምኑ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶክተሯ ከፍርሃትም ሊሆን ይችላል ብላኛለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ያጣችሁና ዳግም የጀመራችሁ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ያን ቀን ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። የምፈራለትን ልጅ እኔ የምጠብቀው ይመስለኝ ነበር፤ በዝምታ፣ ባለመንካት፣ ባለመተንፈስ። እሱ ግን ሌላ ጠባቂ ነበረው። እኔ ስሙን ሳላውቅ፣ ባቄላ የሚያህል ነገር ሌትና ቀን ቆሞለት ነበር። ማን እንዳቆመው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ «ተመስገን» ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ይከብዳል፤ የማመሰግንበትን አይቻለሁና።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር ልበል። ልማዱን አልሰድብም። እናቶቻችን ሐዘናቸውን ለብቻቸው ለመሸከም ያበጁት ነው። ግን ያን ቀን ዝምታው ከለላ አልሆነኝም፤ ከአደጋው ፊት ያቆመኝ እሱ ነው። በጎቹ ሆዳቸው እየታየ «ይህቺ አርግዛለችና ትለፍ» ሲባሉ፣ እኛ ሴቶቹ ሳንታይ ቀረን።

ልጄ በግንቦት ተወለደች። በጽጌ ወር የተረፈች ናትና አያቷ ጽጌ አሏት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። አሁን ቦቂትን በጆሮዋ ይዛ ትጎትታለች፤ ቦቂትም ለሰው የማታደርገውን ለእሷ ዝም ትላለች። መርፌው ግማሹ በእኔ እጅ ላይ ቢፈስም ቦቂት በዚያ ዓመት መንታ ወልዳለች።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልመለስና ላብቃ።

በማግሥቱ ዶክተር ሠናይት ደግማ አየችኝ። ነጥቧ ትርገበገባለች፤ ቀለበቱም ይበራል። «ሂጂ፣ በሰላም» አለችኝ። ይታገሱ ወደ ቀረው ሥራው ስለሚመለስ ይዞን ሄደ። መስኩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ በጎቻቸውን ይዘው ደርሰዋል። መኪናውን ሲያዩ ቀና አሉ። ትናንት ምን እንደሆንኩ ሳይገምቱ አልቀሩም፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። አይጠየቅማ።

ከመኪናው ወረድኩ። እማማን አየኋቸው። በአገጫቸው «ቀጥይ» አሉኝ።

«ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ዛሬ በግ አልይዝም።»

ወደ ጥዱ ሄጄ ሥሩ ተቀመጥኩ።

በጎቹ ብቻ ይጮኻሉ። ጥቂት ቆይታ ባለፈው ጥር የተዳረችው ብርቱካን የያዘችውን በግ ለሌላ ሰጠች። አንገቷን ደፍታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን ያዝኩላት፤ በረዶ ነበር።

ከዚያ አስካለ ገመዷን ጣለች።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች፣ ወደ ጥዱ እየመጣች። «ሰባተኛው ነው! በቃኝ ማለቴን እግዜር አልሰማኝም!»

መስኩ ተናጋ። ይታገሱ ጓንቱን እንዳጠለቀ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እማማ ዘነበች የአስካለን በግ ገመድ ከመሬት አንሥተው፣ «በሉ፣ አሮጊቶች እንይዛለን! ኑ!» ብለው ተጣሩ። በጓን ለሌላ አሮጊት ካስያዙ በኋላ ወደ እኔ መጡ። ከመቀነታቸው እንዝርታቸውን፣ ከጉያቸው የሱፍ ጥቅል አወጡ።

«ባዶ እጅሽን አትቀመጪ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ለልጁ መጠቅለያ ባና ያስፈልገዋል።»

እንዝርቱን ተቀበልኳቸውና መፍተል ጀመርኩ።